የናፍጣ ንጽሕና ታሪክ፦ ከአውግስቡርግ ፋብሪካ እስከ ሥራ ቦታው በርሜል

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። ከባድ የግንባታ መሣሪያዎችን የሚያሠራ ወይም የሚጠግን ባለሙያ ሁሉ ይህን ብሂል በየዕለቱ ሊያስታውሰው የሚገባ ይመስለኛል። አንድ ዶዘር በሥራ ላይ ሳለ ጉልበቱ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ሲቆም፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ ነው። ፓምፑ ይፈታል፤ ኖዝሎቹ ይለወጣሉ፤ ኦፕሬተሩም «ምን አድርገህበት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መኪናው ተጠግኖ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ያው ሕመም ያገረሽበታል። የተለወጠው የተበላው ዕቃ ሲሆን፣ ዕቃውን የበላው ነዳጅ ግን በዚያው በርሜልና በዚያው ማጠራቀሚያ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

ስለ ተበከለ ናፍጣ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ምክር «ፊልትሮ ቀይሩ፣ ውሃውን አፍስሱ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ምክንያቱን ስለማያስረዳ በቀላሉ ይዘነጋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከታሪኩ ይጀምራል። የናፍጣ ሞተር ከተፈለሰፈበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ሞተሩ እየረቀቀ በሄደ መጠን ነዳጁን ንጹሕ አድርጎ የመያዙ ኃላፊነት ከሞተር ሠሪው ወደ ነዳጅ ያዡ ሲሸጋገር ኖሯል። በየሥራው ቦታ በመለዋወጫና በባከነ ቀን የምንከፍለው ዋጋ የዚህ ረጅም ሽግግር ውጤት መሆኑን ማሳየት የጽሑፉ ዓላማ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንኛውንም ነዳጅ ይበላል የተባለው ሞተር

ሩዶልፍ ዲዝል በ1858 ፓሪስ ከተማ ከጀርመናውያን ወላጆች የተወለደ መሐንዲስ ነው። በ1892 የፈጠራ መብት የጠየቀበት አሳብ፣ አየር በሲሊንደር ውስጥ አጥብቆ ተጨምቆ እጅግ ከጋለ በኋላ ነዳጅ ቢጨመርበት ያለ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል የሚል ነበር። ዲዝል ያሰበው ነዳጅ አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ፈሳሽም ሆነ ጋዝ፣ የድንጋይ ከሰል ዱቄትም ጭምር፣ ለዚህ ሞተር ሊያገለግል እንደሚችል ያምን ነበር። በአውግስቡርግ ከተማ በሚገኘው የመኪና ፋብሪካ ለዓመታት ከቆየ ሙከራና ውድቀት በኋላ፣ በየካቲት 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽረተር የመረመሩት 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ የሚሆነውን ወደ ሥራ ለወጠ። ብዙዎቹ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች የዚህን ግማሽ እንኳ አያገኙም ነበር። በ1900 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ።

የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚያስገቡት በታመቀ አየር እየነፉ ነበር። ነዳጁን የሚበትነው አየሩ በመሆኑ፣ የመርጫው ቀዳዳዎችና የፓምፑ ክፍሎች ልክ እንደ ዛሬው የረቀቀ መሆን አላስፈለገውም። ሞተሩ ግዙፍ፣ ዝግተኛና በአንድ ቦታ የተተከለ ነበር፤ አጠገቡም ዘወትር የሚጠብቀው ሰው ነበረ። በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ነዳጅም ስለማይናወጥ ውሃውና ዝቃጩ ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ ያገኙ ነበር። በአጭሩ፣ ሞተሩ ቆሻሻን የሚታገሥ፣ ጠባቂውም ጊዜ ያለው ነበር።

ይሁን እንጂ የትዕግሥቱ ወሰን ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። በአውግስቡርግ ከዲዝል ጋር ይሠራ የነበረው ሩዶልፍ ፓቭሊኮቭስኪ የከሰል ዱቄቱን አሳብ አንሥቶ በጌርሊትስ ከተማ ሲሞክር ቆይቶ በ1916 አንድ ሞተር በከሰል ዱቄት አሠራ። ዱቄቱ ተቃጠለ፤ ሞተሩም ዞረ። ነገር ግን የከሰሉ አመድ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ቀለበቶች እንደ ሞረድ ይፍቃቸው ጀመር። ነዳጅ መቃጠል መቻሉ አንድ ነገር ሲሆን፣ ሞተሩን ሳይበላ መቃጠሉ ሌላ ነገር መሆኑን ይህ ሙከራ በግልጽ አሳየ።

ማይክሮን የሚባለው መለኪያ ወደ ሞተር ሲገባ

አየር የሚያምቀው ክፍል ከባድና ውድ ስለነበረ የናፍጣ ሞተር በካሚዮንና በትራክተር ላይ ሊጫን አልቻለም። መፍትሔው አየሩን ትቶ ነዳጁን ራሱን በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ማስወጣት ነበር። በእንግሊዝ አገር የቪከርስ ኩባንያ በ1910 በዚህ መንገድ የሚሠራ ሞተር አሳየ። በብዛት ተሠርቶ ለገበያ እንዲቀርብ ያደረገው ግን በሽቱትጋርት የሚገኘው የሮበርት ቦሽ ድርጅት ነው። ቦሽ በ1922 የነዳጅ ፓምፕ ለመሥራት ወስኖ፣ በ1927 ፓምፑን በተከታታይ ማምረት ጀመረ።

የዚህ ፓምፕ ምሥጢር ያለው በትንሹ ፒስተንና ፒስተኑን በያዘው ሲሊንደር መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ብቻ ሲሆን፣ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው፤ ዓይናችን ያለ መሣሪያ ሊያየው የሚችለው ትንሹ ቅንጣት ደግሞ ወደ 40 ማይክሮን ይጠጋል። ሁለቱ ክፍሎች አንዱ በአንዱ ውስጥ እየተሟረዱ ስለሚስማሙ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፤ የአንዱን ፒስተን ለሌላው ሲሊንደር መስጠት አይቻልም። ከዚህም በላይ በመካከላቸው ገብቶ የሚያለሰልሳቸው ዘይት የለም፤ የሚያለሰልሳቸው የሚያልፈው ናፍጣ ራሱ ነው። ውሃ በናፍጣው ቦታ ሲገባ ማለስለስ ስለማይችል ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። አሸዋ ሲገባ ደግሞ ክፍተቱን እየፋቀ ያሰፋዋል፤ ግፊቱም ይወድቃል።

የታሪኩ የመጀመሪያ መታጠፊያ ይህ ነው። «ዓይን ያላየው ቆሻሻ አይጎዳም» የሚለው ልማዳዊ እምነት ከ1927 በኋላ ትክክል መሆኑ ቀረ። ጠርሙስ ውስጥ ሲታይ ጥርት ያለ የሚመስል ናፍጣ ለፓምፑ መርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ማጣሪያ፣ በየጋራዡ ፊልትሮ የምንለው፣ ከሞተሩ የማይለይ አካል ሆነ። በመጀመሪያ ከጨርቅና ከተጠቀጠቀ ሱፍ ይሠራ ነበር፤ በኋላ በወረቀት ተተካ። ሞተር ሠሪው ማጣሪያውን ሲጨምር አንድ ነገር በዝምታ ተናገረ፤ ይኸውም «ሞተሬ ከእንግዲህ የመጣለትን ሁሉ አይበላም» የሚል ነው።

ሞተሩ ወደ አፈር ሲወርድ

በ1931 የካተርፒላር ኩባንያ «ዲዝል ሲክስቲ» የተባለውን በሰንሰለት የሚሄድ ትራክተር አወጣ። በናፍጣ ከሚሠሩት ባለሰንሰለት ትራክተሮች ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር ሲሆን፣ ትልቁን ሞተር የምታስነሣ በቤንዚን የምትሠራ ትንሽ ሞተር ነበረችው። ሥራ ተቋራጮች የናፍጣን መኪና የወደዱት በአንድ ሊትር የሚሠራው ሥራ ብዙ፣ የነዳጁም ዋጋ አነስተኛ ስለነበረ ነው።

ነገር ግን የቦሽን ፓምፕ የመሰለ ረቂቅ መሣሪያ ከፋብሪካ ወለል ተነሥቶ በአፈር ደመና መካከል ሥራ ጀመረ። የዶዘር ሥራው አፈር መግፋት ነው፤ አፈርም የሚነሣው ነዳጅ በሚቀዳበት ቦታ ጭምር ነው። የመንገድ ሥራ በየቀኑ ወደ ፊት ስለሚጓዝ ነዳጁ መኪናውን ተከትሎ በበርሜል፣ በባልዲና በማንቆርቆሪያ ይሄዳል። ቀድሞ የተተከለውን ሞተር የሚጠብቀው ሰው የነበረው ጊዜና ዝምታ በዚህ ቦታ የለም።

ከዚያው ዘመን አንድ ተጓዳኝ ታሪክ መጥቀስ ይጠቅማል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የእነዚህ የናፍጣ ትራክተሮች የፒስተን ቀለበቶች በሞተር ዘይት ቃጠሎ እየተጣበቁ አስቸገሩ። ሞተር ሠሪዎችና የዘይት ኩባንያዎች በአንድነት መርምረው በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ቆሻሻን አጥቦ የሚይዝ የሞተር ዘይት ለገበያ ቀረበ። በዚህም ዘይት እንደ አንድ የሞተር ክፍል መቆጠር ጀመረ። ናፍጣ ግን ይህ ዕድል በሙሉ አልገጠመውም። ዘይት በታሸገ ዕቃ ከፋብሪካው እስከ ሞተሩ ሊደርስ ይችላል፤ ናፍጣ ግን ከማጣሪያ ፋብሪካ ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ወደብ ማጠራቀሚያ፣ ከዚያ ወደ ቦቴ፣ ከቦቴ ወደ በርሜል እየተገለበጠ ይጓዛል። በእያንዳንዱ ግልበጣ አንድ ነገር ይጨመርበታል።

በርሜል፣ ጄሪካንና የባሕር ውሃ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ መጠን በትናንሽ ዕቃ ተጓጓዘ። የጀርመን ጦር ከ1937 ጀምሮ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ በማጠፊያ የሚዘጋ ጠንካራ ዕቃ ይጠቀም ነበር። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ የያዙት ግን ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ ዕቃ ስለነበረ እየተቀደደ ብዙ ነዳጅ ፈሰሰባቸው። ኋላ የጀርመኑን ዕቃ ማርከው፣ አስመስለውም ሠርተው «ጄሪካን» አሉት፤ ስሙም እስከ አገራችን ገበያ ድረስ ዘለቀ። ጄሪካን የሚደነቀው ባለማፍሰሱ ብቻ አይደለም። ለመክፈት መፍቻ፣ ለመቅዳትም ማጥለያ ቀፎ አያስፈልገውም። አቧራ የለበሰ መፍቻና መሬት ላይ የተጣለ ቀፎ ዋና የቆሻሻ መግቢያዎች በመሆናቸው፣ እነርሱን ያስቀረ ዕቃ የነዳጁን ንጽሕና ጠበቀ ማለት ነው።

208 ሊትር የሚይዘው ትልቁ በርሜል በአንጻሩ የራሱ ጠንቅ አለው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ክዳኑ ላይ የዝናብ ውሃ ይቋጠራል። ቀን በፀሐይ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በብሎኑ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ሌሊት ሲበርድ ይኮማተርና ከውጭ ያገኘውን ይስባል፤ ያገኘውም የቋጠረው ውሃ ነው። የበርሜሉ ብሎን በሚገባ የጠበቀ ቢመስልም እንኳ ይህ «አተነፋፈስ» በየቀኑ ይደጋገማል። በርሜልን በጎኑ አስተኝቶ ሁለቱን ብሎኖች በአግድም መስመር ላይ ማድረግ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብሎኖቹ ከውስጥ በነዳጅ ስለሚሸፈኑ በርሜሉ እርጥብ አየርና ውሃ ሊስብ አይችልም።

ነዳጅና ውሃ በግልጽ አብረው የኖሩት ግን በባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ውስጥ ነው። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ናፍጣው በተቀነሰ መጠን ሚዛናቸው እንዳይዛባ በነዳጁ ታንክ ሥር የባሕር ውሃ ያስገቡ ነበር። ናፍጣው ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል፤ ወደ ሞተሩ ከመሄዱ በፊትም በኃይል በሚሽከረከር መለያ ውስጥ ያልፋል። ይህ መለያ የተወለደው ከወተት ነው፤ ስዊድናዊው ጉስታፍ ዴ ላቫል በ1878 ቅባትን ከወተት የሚለይ ተሽከርካሪ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ከዚህ የምንማረው መርከበኞቹ ውሃ በነዳጃቸው ውስጥ መኖሩን አስቀድመው አምነው መለየቱን የዘወትር ሥራ ማድረጋቸውን ነው። በየብስ ያለ ባለሙያ ግን ውሃ የለም ብሎ ይጀምርና ሞተሩ ሲቆም ይደነግጣል።

በነዳጅ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን

ነዳጅ መርዝ ነውና ሕይወት ያለው ነገር አይኖርበትም የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ የጸና ነበር። በ1941 ቡሽኔልና ሃስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ ጥቃቅን ሕያዋን ከነዳጅ ዘይት የተገኙ ውሕዶችን እንደ ምግብ ሊጠቀሙ እንደሚችሉ በምርምር አሳዩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የጄት አውሮፕላኖች በነጭ ጋዝ መሰል ነዳጅ መብረር ሲጀምሩ በታንኮቻቸው ውስጥ ቡናማና ጥቁር ንፍጥ መሰል ነገር ተገኘ። ከዋነኞቹ ተጠያቂዎች አንዱ «የነጭ ጋዝ ሻጋታ» የሚል ቅጽል የተሰጠው ሻጋታ ነበር። ይኸው ሻጋታ በናፍጣም ውስጥ ይኖራል።

የእነዚህ ሕያዋን ኑሮ በውሃ ላይ የተመሠረተ ነው። ምግባቸው ነዳጁ ሲሆን ቤታቸው ውሃው ነው፤ የሚራቡትም ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ በታንክ ሥር መተኛቱ ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው የታወቀ ነው፤ ንፍጡ ፊልትሮውን ይደፍናል፣ የሚወጣው አሲድም የታንኩን ብረት ይበላል። አዲስ የተገጠመ ፊልትሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በጥቁር ዝልግልግ ነገር ከተደፈነ የሚጠረጠረው አሸዋ ሳይሆን ይህ ነው። መድኃኒት ብቻ ማፍሰስም ችግሩን ያባብሳል። የሞተው ንፍጥ ከግድግዳው እየተላቀቀ ፊልትሮውን ይደፍናልና፣ አስቀድሞ ታንኩን ባዶ አድርጎ መፋቅና ማጠብ፣ መድኃኒቱንም ከዚያ በኋላ መጠቀም ይገባል። ውሃው ከተወገደ ግን ሕያዋኑ ቤት አይኖራቸውም።

ድኝ ሲወጣ፣ ግፊት ሲጨምር

ከ1990ዎቹ ወዲህ ሁለት ለውጦች በአንድ ጊዜ መጡ። የመጀመሪያው የአየር ብክለትን ለመቀነስ ድኝን ከናፍጣ ማውጣት ነው። ስዊድን በ1991 ድኙ እጅግ ያነሰ ናፍጣ በሥራ ላይ ስታውል ብዙ የነዳጅ ፓምፖች ያለ ጊዜያቸው አለቁ። ምክንያቱ የድኙ መውጣት ብቻ አልነበረም፤ ድኙን የሚያወጣው ሂደት ለናፍጣው የማለስለስ ጠባይ የሚሰጡትን ውሕዶች ጨምሮ ስለሚያስወግድ ነው። ከዚያ ወዲህ የማለስለስ ችሎታ በነዳጅ ደረጃዎች ውስጥ ተጽፎ በቅመም መልክ እንዲጨመር ተደረገ። አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ በመንገድ ተሽከርካሪዎች ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ በሚሊዮን ከ15 እጅ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ ከ10 እጅ እንዳይበልጥ ደነገጉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ጥናት ከተመረመሩት 42 የመሬት ውስጥ የናፍጣ ማጠራቀሚያዎች በ83 በመቶው መካከለኛ ወይም ከባድ ዝገት ተገኝቷል። በበለጸገ አገር፣ በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር ያለ ማጠራቀሚያ እንኳ ከዚህ አላመለጠም።

ሁለተኛው ለውጥ የነዳጅ ግፊት ነው። የጃፓኑ ዴንሶ በ1995 በካሚዮን ላይ፣ ቦሽ ደግሞ በ1997 በቤት መኪናዎች ላይ ያዋሉት የጋራ ቧንቧ አሠራር፣ ኮመን ሬል የሚባለው፣ ነዳጁን ዘወትር በከፍተኛ ግፊት አምቆ ይይዛል። በዛሬዎቹ ኤክስካቫተሮችና ሎደሮች ይህ ግፊት 2,000 ባር አልፎ ይሄዳል። ናፍጣው በዚህ ፍጥነት ሲወረወር የያዘው ቅንጣት ብረትን እንደሚጠርብ አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ ሞተር ሠሪዎች የነዳጅ ንጽሕናን በቁጥር መግለጽ ግድ ሆነባቸው። በዓለም አቀፉ የአይሶ 4406 መለኪያ መሠረት ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው 18/16/13 ነው። ትርጉሙም በአንድ ሚሊ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ከ4 ማይክሮን የሚበልጡ ቅንጣቶች ከ2,500፣ ከ6 ማይክሮን የሚበልጡ ከ640፣ ከ14 ማይክሮን የሚበልጡ ከ80 እንዳይበልጡ ማለት ነው።

ይህን ከነዳጅ ሽያጭ ደረጃ ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያበራዋል። የአውሮፓው ደረጃ በአንድ ኪሎ ናፍጣ ውስጥ እስከ 24 ሚሊግራም ቆሻሻ ይፈቅዳል። በቀን 250 ሊትር የሚጠጣ አንድ ኤክስካቫተር፣ ነዳጁ በደረጃው ጠርዝ ላይ ቢሆን፣ በየቀኑ 5 ግራም፣ በ250 የሥራ ቀናት ደግሞ ከአንድ ኪሎ በላይ ቆሻሻ ያልፍበታል። ይህ ሁሉ ሕግ ሳይጣስ የሚሆን ነው። በሕግ የተሸጠው ናፍጣና ሞተሩ የሚፈልገው ናፍጣ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚሸፍነው የነዳጁ ያዥ ነው።

ከባሕር ወደብ እስከ ደጋ

ይህ ታሪክ በአገራችን የራሱ መልክአ ምድር አለው። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1997 እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ የአገሪቱ ዋና የናፍጣ ምንጭ ነበር። ከዚያ በኋላ የተጣራ ነዳጅ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ሲገባ ኖሯል። ምንጩ ቢለወጥም የመንገዱ ጠባይ አልተለወጠም። በሁለቱም ዘመን ናፍጣው ከሞቃትና እርጥበታማ የባሕር ዳርቻ ተጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ ይወጣል።

የዚህ ጉዞ ውጤት በጥንቃቄ ሊታሰብ ይገባዋል። ናፍጣ ጥቂት ውሃ ያሟሟል፤ የሚያሟሟውም ውሃ እንደ ሙቀቱ ይለያያል። በ40 ዲግሪ ሊይዝ የሚችለው ውሃ በ10 ዲግሪ ከሚይዘው ከእጥፍ በላይ ነው። በወደቡ የጠጣውን ውሃ በደጋው ቀዝቃዛ ሌሊት መያዝ ሲያቅተው ይለቀዋል። ከአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ብቻ ቢለይ፣ 40,000 ሊትር ከያዘ ቦቴ 2 ሊትር ውሃ ይወጣል። ጫኚው አላጭበረበረም፤ ሾፌሩ አልሰረቀም፤ ውሃው የመጣው ከአየር ንብረቱና ከከፍታው ነው። ግማሽ ባዶ ሆኖ ያደረ የመኪና ታንክም በግድግዳው ላይ በሚያዝለው ጤዛ ተጨማሪ ውሃ ያገኛል።

ይህን የምለው በእኛ ሙያ ውስጥ ከሚፈጸሙት በደሎች አንዱ በዚህ ጉዳይ ላይ ስለሚደርስ ነው። መኪና በነዳጅ ምክንያት በቆመ ቁጥር «ነጭ ጋዝ ቀላቀሉበት» የሚል ክስ ይነሣል። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ በረከሰባቸው አገሮችና ዘመናት ሁሉ መቀላቀል በእርግጥ ይፈጸማል፤ በህንድ ለድኾች በድጎማ ይሸጥ የነበረው ነጭ ጋዝ ሰማያዊ ቀለም እንዲገባበት የተደረገውም ይህንኑ ለመቆጣጠር ነበር። ነገር ግን የነጭ ጋዝ ጉዳትና የውሃ ጉዳት የተለያዩ ናቸው። ነጭ ጋዝ ቀጭን በመሆኑ የናፍጣውን የማለስለስ ጠባይ ይቀንሳል፣ የሚቀጣጠልበትንም የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝገትና ንፍጥ ግን አያመጣም። ኖዝሉ ዝጎ፣ የታንኩም ወለል ጠቁሮ ከተገኘ የሚመሰክረው ውሃን ነው። ክብደቱን በመለካት ብቻ መፍረድም አይቻልም፤ የቀላል ናፍጣና የከባድ ነጭ ጋዝ ክብደት ይገጣጠማልና የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። በግምት ከሥራው የተባረረ ሾፌር ወይም ነዳጅ ቀጂ ስሙን መልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። መኪናውም ያው ውሃ ስለሚጠብቀው እንደገና ይቆማል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በሥራ ቦታ ምን እንድናደርግ ያስተምረናል? በመጀመሪያ፣ የጥንቱ ሞተር የነበረውን ጊዜ ለነዳጁ መመለስ ነው። 50 ማይክሮን የሆነ የውሃ ጠብታ በናፍጣ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ 10 ማይክሮን የሆነው ግን አራት ቀን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ቦቴው ገልብጦ በሄደ በሰዓቱ መቅዳት የውሃውን ደመና ወደ መኪናው ማዛወር ነው። ቢቻል ሁለት ማጠራቀሚያ ኖሮ አንዱ ሲያርፍ ከሌላው መቅዳት፣ መቅጃውንም ከወለሉ ከፍ ማድረግ፣ ወለሉን ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል፣ በየማለዳው ውሃውን ማፍሰስ ይገባል።

ሁለተኛው የጄሪካኑ ትምህርት ነው፤ ነዳጁ ክፍት አየር ሳያይ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይተላለፍ። ባልዲና ቀፎ ከነዳጅ ቦታ ይወገዱ፤ ማጠራቀሚያው የሚተነፍስበት ቧንቧ አቧራና እርጥበት የሚይዝ ማጣሪያ ይኑረው። ሦስተኛው የመርከበኞቹ ነው፤ ውሃና ቆሻሻ እንዳለ አስቀድሞ በማመን ናፍጣው ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት በማጠራቀሚያው አጠገብ በተተከለ ማጣሪያና ውሃ መለያ ይለፍ። በመኪናው ላይ ያለው ፊልትሮ የመጨረሻው ዘብ እንጂ ብቸኛው ዘብ መሆን የለበትም። የመኪናው ታንክም ማታ ተሞልቶ ይደር።

ብክለቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ዋናው ነገር ሞተሩን ደጋግሞ ለማስነሣት አለመሞከር ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ቆሻሻውን ወደ ፓምፑና ወደ ኖዝሎቹ ያስጠጋዋል። ታንኩ ይፍሰስ፤ ወለሉ በዓይን ይታይ፤ ቧንቧዎቹ በንጹሕ ናፍጣ ይታጠቡ፤ ፊልትሮዎቹ ይለወጡ። የተለወጠው ፊልትሮ ከመጣሉ በፊት ይቀደድና ይመርመር፤ የብክለቱን ዓይነት የሚናገረው እርሱ ነው። ከዚያም ምንጩ፣ ማለትም ማጠራቀሚያው፣ ሳይጸዳ መኪናው ነዳጅ አይቀዳለት።

የመጨረሻው፣ ለእኔም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ናሙና ነው። ነዳጅ በመጣ ቁጥር ከቦቴው ሥር በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ናሙና ተወስዶ፣ ቀኑና የቦቴው ቁጥር ተጽፎበት፣ አስረካቢውና ተረካቢው ፈርመውበት ይቀመጥ። ወጪው የጠርሙሱ ዋጋ ብቻ ነው። ጥፋት ሲደርስ ግን አቅራቢውን ከተቋራጩ፣ ሾፌሩን ከነዳጅ ቀጂው፣ ኦፕሬተሩን ከመካኒኩ የሚያስታርቅ ብቸኛ ምስክር ነው።

ለማጠቃለል፣ ለ1897ቱ ሞተር ማጠራቀሚያው ጎረቤት ነበር፤ ለዛሬው ሞተር ግን የራሱ አካል ሆኗል። ሆኖም በብዙ የፕሮጀክት ሰነዶች ውስጥ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ከጊዜያዊ መጠለያና ከአጥር ጋር በጠቅላላ ወጪ ሥር ይታለፋል፤ ንድፍ አይሠራለትም፣ ተቆጣጣሪም አይጎበኘውም። በሚሊዮን በሚቆጠር የውጭ ምንዛሪ የተገዛ መሣሪያ ግን የሚኖረው ከዚያ ማጠራቀሚያ በሚቀዳው ነው። የማኅበራችን አባላት የሥራ ዝርዝርና ውል ሲያዘጋጁ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ ማጣሪያና ናሙና በስማቸውና በዋጋቸው እንዲገቡ ቢያደርጉ፣ የሚድነው ፓምፕና ኖዝል ብቻ አይሆንም። ያለ ማስረጃ የሚወነጀለው ሠራተኛም ይድናል።